ጋሽ ይመር ካሜራ ፊት የመረቁኝ ለታ

ሰው ከዘፈን ዓለም ወጥቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት የሚገባበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ታሞ ይሳላል፤ አንዱ ሕልም ያያል፤ አንዱ ደግሞ ድምፁ ሲዘጋበት ጥሪ መጣልኝ ይላል። እኔ አልታመምኩም፣ ሕልም ካየሁም ቆየሁ፣ ድምፄም እግዜር ይመስገን ዛሬም ከነጉልበቱ አለ። ባለፈው ጥቅምት አሶሳ ላይ መነኩሴ ሆኜ የሰነበትኩት ሰለሞን ለፊልሙ ሌላ ሰው ስላጣ ብቻ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን በዚህ ነገር የታጨችልኝን ልጅ ላጣ ነበር።

መጀመሪያ ሰለሞንን እወቁት። አሶሳ ውስጥ ያገባ፣ የተመረቀ ወይም ልጁን ክርስትና ያስነሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፎቶ ቤት አለው፣ ሰርግ ይቀርጻል። ሰርግ የሚቀርጽ ሌላም ሰው አለ፤ ያኛው ግን ካሜራውን ወደ ታች ማጋደል ስለሚወድ ሙሽሮቹ ሁልጊዜ ከአንገት በታች ነው የሚወጡለት። ስለዚህ ያለውም የሌለውም ሰለሞንን ይጠራል። ሰለሞን ታዲያ ሙሽራ ሲቀርጽ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን «እኔ እኮ ፊልም ሠሪ ነኝ» ብሎ ተነሳ። ሙሽራ ስታለቅስ ምስሉን ቀስ አድርጎ ማሳየት የለመደ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው።

እኔ በሥራ ቀን የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ መጣሁና እዚሁ ቀረሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኦርጋኔን ተሸክሜ ሰርግ ላይ እዘፍናለሁ። ከባምባሲ እስከ ሆሞሻ እኔ ያልዘፈንኩበት ዳስ ካለ ገና ያልተተከለ ነው። ከሰለሞን ጋር የተዋወቅነውም በየዳሱ ነው፤ እሱ ይቀርጻል፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ ከዚያ ከወጥ ቤቱ በኩል ቁጭ ብለን ከሙሽራው አጎት እኩል እንበላለን።

የፊልሙ ስም «ማይኩን ጣልኩት» ነው። አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ዝናው ጫፍ በደረሰበት ሰዓት ዓለም ትሰለቸውና ማይኩን መድረክ ላይ ጥሎ፣ በሽማግሌ ተመርቆ፣ ገዳም ይገባል። ደራሲ ሰለሞን፣ ዳይሬክተር ሰለሞን፣ ካሜራ ሰለሞን፣ መብራት ፀሐይ። የዘፋኙ ስምም ሰለሞን ነው። ምነው፣ ስም ጠፋ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ታሪኩ የሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ ስለሆነ ነው አለኝ። የሰው ልጅ ሁሉ ሰለሞን እንደሚባል ያን ቀን አወቅሁ።

አበምኔቱን ሆኖ የተወነው አልፋዲል ነው። አልፋዲል የበርታ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ከኩርሙክ ሸቀጥ እያመጣ ይነግዳል። ሰለሞን መነኩሴ የሚመስል ጺም በክርስቲያኑ ሰፈር ፈልጎ ፈልጎ አጣ፤ ያለው ሁሉ ፋሽን ጺም ነው። አልፋዲል ደግሞ ጺሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል። ሲጠየቅ ትንሽ አሰበና፣ «ጺም ብቻ ነው የምትፈልጊው? ጸሎት እኔ የራሴ አለ» አለው። የኔ በርትኛ ከሱ አማርኛ ስለሚብስ አልሳቅሁም። ቀረጻ ላይ የሶላት ሰዓት ሲደርስ አበምኔቱ ቆቡን አውልቆ፣ ለእኔ አስይዞኝ፣ ሊሰግድ ይሄዳል። እኛም የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን።

ልብሴን አትጠይቁኝ። ቢጫ የመነኩሴ ልብስ ማሰፋት ከአቅም በላይ ስለሆነ ሰለሞን አቡጀዲ በእርድ ዘፍዝፎ ሰጠኝ። የአሶሳ ፀሐይ ደግሞ አዘኔታ አያውቅም። ላቤ ሲወርድ እርዱ አብሮ ወርዶ አንገቴንና ደረቴን የቅቤ ቅል አስመሰለው። በሳሙና ብል፣ በሎሚ ብል፣ በአሸዋ ብፈትግ አልለቅ አለ። መሥሪያ ቤት የወፍ በሽታ ይዞታል ተብሎ የሻይ ብርጭቆዬ ለብቻ ተቀመጠ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የታጨሁ ሰው ነኝ። ሐረግ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የተዋወቅነው ሰርግ ላይ ነው፤ ወደ መድረኩ መጥታ «ድምፁን ቀንሰው፣ አያቴ ራሷን አሟታል» አለችኝ። እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እዚያው ወደድኳት። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። አባቷ ጋሽ ይመር ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ግማሽ ዘመዳቸው ክርስቲያን፣ ግማሽ ዘመዳቸው ሙስሊም ስለሆነ የሁለቱንም ምርቃት ያውቁበታል። ምርቃታቸው መሬት አይወድቅም ይባላል። መካን የሆነችው፣ መኪና የገዛው፣ ፈተና የደረሰበት ሁሉ ከባምባሲ ድረስ ይመጣባቸዋል። አንድ ሾፌር እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ አዲስ ያስገባውን አይሱዙ ይዞ ወጥቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። ፍሬኑም አይሠራም ነበር አሉ፤ ይህን ግን የሚያወራው የለም።

ከዘፋኙ ወደ መነኩሴው የምሸጋገርበት ዋናው ትዕይንት የሚቀረጸው በገበያ ቀን፣ ገበያው ዳር ካለው ማንጎ ሥር ነበር። ለምን በገበያ ቀን ቢባል፣ ሰለሞን ለአጃቢ ሰው የሚከፍለው ስለሌለው ነው፤ ገበያተኛ በነፃ ይቆማል። መራቂውን ሽማግሌ ሆኖ ሊተውን የነበረው ሰውዬ ግን ቀረ። ፀሐይዋ ደግሞ መብራታችን ናትና እየሄደችብን ነው። በዚህ መሀል ጋሽ ይመር በግ እየጎተቱ ሲያልፉ አየሁ። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን አማቴ ፊት ተፈላጊ ሰው መስዬ ለመታየት፣ «መራቂ ከተፈለገ እኮ አማቴ አሉ» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ጋሽ ይመር ነገሩ ሲነገራቸው በጉን ለሰው አስያዙና ምን እንዲሉ እንደሚፈለግ ጠየቁ። ሰለሞን፣ የሚመንን ልጅዎን እንደሚመርቁ አድርገው ይመርቁት፣ እውነተኛ ይሁን አላቸው። እሳቸውም ሌላ ዓይነት ምርቃት እንደማያውቁ ነግረውት ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

እኔ ቢጫዬን ለብሼ ተንበረከክሁ። ጋሽ ይመር ሲመርቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ጨፈኑና በስሜ ጠርተውኝ ጀመሩ። ሰለሞን «ካት!» አለ፤ የገጸ ባሕርዩ ስም ሰለሞን ነው አላቸው። እንደገና ጨፈኑ፣ እንደገና በስሜ ጠሩኝ፣ እንደገና ተቋረጡ። ቀጥሎ ባጃጅ አለፈች። ቀጥሎ በጋቸው ጮኸ። ሰውየው ምርቃታቸው መሀል ላይ ተቆርጦባቸው ስለማያውቅ ግንባራቸው ላይ ያለው ደም ሥር እየተገተረ መጣ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የተንበረከክሁት ለካ የጉንዳን መንገድ ላይ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ይመር ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ሳይቋረጡ ወረዱበት። ዘፈን ከአንደበትህ ይውጣ አሉ፤ ዓለም ትምረርህ፣ ሚስትና ልጅ አያምሩህ፣ በረሃው ቤትህ፣ ቆብህ ዘውድህ ይሁን አሉ። ገበያው ሁሉ ሸቀጡን ትቶ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። እኔ ጉንዳኑ ጭኔ ላይ ደርሶ እንባዬ ይወርዳል። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ፤ ብንቀሳቀስ ሌላ ዙር ልንበረከክ ነው። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ እንባዬን አይታ አብራኝ አለቀሰች። ሰለሞን ደስታው ገደለው፤ ፊልማችን ሽልማት ይበላል ብሎ አቀፈኝ፤ ጉንዳኑም ጥቂት ወደሱ ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ስይዝ ሾፌሩ አውርደኝ ያልኩትን ቦታ አልፎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወረደኝ። መሥሪያ ቤት አለቃዬ አንቱ አለኝ፤ ያው ሰውዬ ዓርብ ዕለት አንተ ሰነፍ ብሎኛል። ሥጋ ቤት ሄጄ ጥሬ ሥጋ ባዝዝ ባለሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አስቀመጠና፣ አባ፣ በእኔ እጅ ባይወድቁ አለኝ። አከራዬ ዘይት ያልነካው ሽሮ በሬ ላይ እያስቀመጠች ትሄዳለች። ጎረቤቴ የታመመች ፍየሉን አምጥቶ እፍ በልልኝ ሲለኝ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት አልኩት። ትሕትናዬን እያደነቀ ፍየሏን ይዞ ተመለሰ።

የሰርግ ሥራዬም በአንድ ሳምንት ደረቀ። ያዘዙኝ ሁሉ አንድ በአንድ እየደወሉ ተዉት። ኧረ ሰዎች ፊልም ነው እላለሁ። እናውቃለን ይሉኛል፣ ፊልም መሆኑንማ እናውቃለን፤ ግን እኮ የመረቁህ ጋሽ ይመር ናቸው። እሳቸው ከዘፈን ያወጡትን ሰው አዘፍኖ ማን ይቀሰፋል?

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ሐረግ ከሥራ ወጥታ ዓይኗ ቀልቶ እስክትመጣ ድረስ። አባባ ሰርጉ ቀርቷል ብሏል አለችኝ።

ሮጥኩ። ጋሽ ይመር በረንዳቸው ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና እንደ ወትሮው ልጄ ብለው አልጠሩኝም፤ ከተቀመጡበት ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ከስድብ የባሰው እሱ ነው።

«ጋሽ ይመር፣ ፊልም ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ፊልሙ የእናንተ ነው» አሉኝ። «ምርቃቱ ግን የእኔ ነው። ሚስት አታምርህ ብዬ በአፌ መርቄ፣ ልጄን በእጄ እንዴት አድርጌ ልስጥህ?»

«ይሻሩታ።»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «ምርቃቴን አንድ ቀን ከሻርሁ፣ ልጅ ይስጥሽ ብዬ የመረቅኋት ሴት ነገ ልጇ ሲያተኩሰው ምን ልትል ነው? ይመር ሽሮት ይሆን ብላ ሌሊቱን ልታድር ነው። እኔ ከአፌ በቀር ለሰው የምሰጠው ምን አለኝ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጨቃጨቅ ሄጄ አንጀቴን በሉት። ሰውየው ይወዱኛል። ልጃቸውንም ሊሰጡኝ ይፈልጋሉ። የራሳቸው ምርቃት ግን በር ላይ ቆሞ አላሳልፍ ብሏቸዋል።

የደብራችን ቄስ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ነገርኳቸው፤ አንገቴን አሳየኋቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ምንኩስና በገበያ አይሰጥም፣ ቆብም በወጥ ቅመም አይነከርም ብለው እኔን ነፃ አወጡኝና ጋሽ ይመርን ሊያስረዱ ሄዱ። ሲመለሱ ግን ሳቃቸው የለም። ቀኖናው ከእኛ ጋር ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስለ አፋቸው እንጂ ስለ ቀኖና አልተከራከሩኝም አሉኝ።

አልፋዲልም ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ሐረግ ከሄደ፣ ወላሂ ይሄ ጺም እላጫለሁ። ፊልም ኻላስ» አለኝ። ጺሙ ቢላጭ ለእኔ ምን እንደሚፈይድ አልገባኝም፤ ቀረጻውም ካለቀ ቆይቷል። ግን ያ ጺም ስንት ዓመት እንደፈጀ ስለማውቅ ልቤ ተነካ።

መላውን ያመጣችው ሐረግ ናት። ንዴቷ ሲበርድላት፣ በአሶሳ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ትተህ አባቴን የጠራህበትን አእምሮ ማየት ነበር አለችኝና፣ ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አንተ አሜን ብለሃል?»

አሰብኩ። ጉንዳኑን አስታውሳለሁ፣ ሽንኩርት ሻጯን አስታውሳለሁ፤ ከአፌ ምን እንደወጣ ግን አላስታውስም። ሐረግ አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚሏትን ነገረችኝ። ምርቃት እንግዳ ነው፤ በር የሚከፍትለት አሜን ያለው ሰው ነው ይላሉ። አባባ ሲመርቅ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ማን አሜን እንዳለ አላየም፤ ካሜራው ግን አይጨፍንም፤ እንየው አለችኝ።

ሰለሞንን ያን ቁራጭ ብቻ አሳየን ብለን ለመንነው። እምቢ አለ። ፊልም ከመመረቁ በፊት አይታይም፣ ሚስጥሩ ይበላሻል አለ። የእኔ ትዳር ይፍረስ፣ የሱ ሚስጥር አይበላሽ። ወዲያው በዚያው ሳምንት አዳራሽ ተከራየና በየምሰሶው ላይ ቢጫ አንገቴን ለጠፈው።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። አንሶላ ተወጥሯል፤ ጄነሬተር ውጪ ይንጫጫል። ጋሽ ይመር ልጃቸው ለምናቸው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ነኝ። ፊልሙ ፊልም ነው ለማለት ይከብዳል። የምሽት ክበብ ተብሎ የሚታየው የሰለሞን ፎቶ ቤት ነው፤ ከኋላዬ የሙሽራ ቬሎ ተሰቅሎ ይታያል። ማይኩን ስጥለው ሰለሞን ማይኩ እንዳይሰበር ከታች እጁን ሲዘረጋ ይታያል። አልፋዲል በአበምኔት ልብስ ብቅ ሲል ግን ከኩርሙክ የመጡ ጓደኞቹ አጨበጨቡ፤ እሱም ተነስቶ እጅ ነሳ።

ከዚያ ማንጎው መጣ።

አንሶላውን የሞላው የእኔ ፊት ነው። አንገት ቢጫ፣ ዓይን እንባ። የጋሽ ይመር ድምፅ «ልጄ ሰለሞን» ብሎ ጀመረ። ዘፈን ከአንደበትህ ይውጣ ሲሉ አሜን ተባለ። ዓለም ትምረርህ፣ አሜን። የገበያተኛው አሜን ከሩቅ ነው፣ እንደ ንብ ነው የሚሰማው። ከሱ በላይ ግን አንድ የጎረነነ፣ ደስታ ያሰከረው አሜን አዳራሹን ያናውጠዋል። የእኔ አይደለም። የእኔ አፍ እዚያው አንሶላው ላይ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ከንፈሬን ግጥም አድርጌያለሁ። ሚስትና ልጅ አያምሩህ። «አሜን!» አፌ ዝግ ነው። በረሃው ቤትህ ይሁን። «አሜን!» ዝግ ነው። ከዚያ በፊት ጉንዳን ወድጄ አላውቅም።

ጋሽ ይመር ተነሱ። «አቁሙልኝ» አሉ። ቆመ። ወደ ኋላ ዞሩና አዳራሹን ሁሉ አዩት። «ያ አሜን የሚለው ማነው?»

ሰለሞን ከፕሮጀክተሩ ኋላ አንገቱን ብቅ አደረገ። ማይኩ ካሜራው ላይ ስለተገጠመ የሱ ድምፅ ጎልቶ መግባቱን፣ ሊያጠፋው ሞክሮ የጋሽ ይመርም ድምፅ አብሮ እየጠፋ እንዳስቸገረው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተናገረ።

«አሜን ያልኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ። ምርቃቱ ስሜት ውስጥ ከቶኝ ነው።»

«ስምህ ማነው?»

«ሰለሞን።»

ጋሽ ይመር አንዴ አንሶላው ላይ ያለውን የተዘጋ አፌን፣ አንዴ ሰለሞንን አዩ።

«እንግዲያ ይሁንልህ ልጄ» አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጥር ላይ እንዳትዘገይ።»

ሐረግ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ተነስቼ የጋሽ ይመርን ጉልበት ልስም ስል ወንበር ጠልፎኝ ወደቅሁ፤ እዚያው መሬት ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ጉንዳን የለበትም። ፊልሙ ይቀጥል ወይ ብሎ ሰለሞን ቢጠይቅ የሰማው የለም። አገር ምድሩ እየጨፈረ ነው።

ሰለሞን መጀመሪያ በነገሩ ይስቅ ነበር። «እኔ ነኝ ገዳም የምገባው» እያለ በየሻይ ቤቱ ያወራው ነበር። ከዚያ ማውራቱን ተወ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ስታለቅስ ካሜራውን አውርዶ ዝም ብሎ ሲያያት አየሁት። ታኅሣሥ ላይ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ፊልሙ ስላላዋጣው ነው የሚሉ አሉ፤ ፍቅረኛው ትታው ነው የሚሉም አሉ። እስከ መናኸሪያ ያደረሰው አልፋዲል ነው። ወደ ገዳም እየሄደ እንደሆነ፣ ዓለም እንደመረረችው ነግሮታል። አልፋዲልም የተወነበትን ቆብ ሊሰጠው ሲል፣ ይሄ በፊልም ነው፣ እኔ በእውነት ነው ብሎ አልተቀበለውም አሉ። ጋሽ ይመር ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

በጥር አገባን። አንገቴ አሁንም ትንሽ ቢጫ ነበር፤ ቀራጩም ያው ሌላኛው ሆነ። ቪዲዮው ቤታችን አለ፤ እንግዳ ሲመጣ እናሳያለን። እኔና ሐረግ ከአንገት በታች ነን፤ ሙሽራው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጋሽ ይመር ሲመርቁን የሚታየው የተዘረጋ እጃቸው ብቻ ነው። ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በስሜ ነው የጠሩኝ። ከዳሱ ሰው ሁሉ በላይ የሚጮኸው አሜን ደግሞ የእኔ ነው።